ተስፋና ቀጠሮ፦ የዕብራውያን ነቢያት በሦስት የሆላንድ ከተሞች

ስደተኛ ከሚያነባቸው መጻሕፍት ሁሉ ራሱን ፈጥኖ የሚያገኝበት የነቢያት መጽሐፍ ነው። ምርኮ፣ የባዕድ ከተማ፣ የፈረሰ ቅጥር፣ የተበተነ ወገን ለሌላው አንባቢ ምሳሌ ቢሆኑ ለእርሱ የዕለት ኑሮው ናቸው። ስለዚህም ስደተኛ ትንቢትን ሲገልጥ ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቀኑ ነው። መቼ እንመለሳለን? የፈረሰውስ መቼ ይታነጻል? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህን ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የመሲሕ ተስፋና የሀገር መታደስ ትንቢት በስደተኞች እጅ በገባ ጊዜ ወደ ምን እንደሚለወጥ ነው።

ለምርመራው ሆላንድን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአምስተርዳም፣ የሮተርዳምና የዘ ሄግ ከተሞች የስደተኞች መጠጊያ ብቻ ሳይሆኑ የስደተኞች ማተሚያ ቤት ነበሩ። በእነዚህ ከተሞች በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ሦስት መጻሕፍት ታትመዋል፤ ሦስቱም ትንቢትን ይተነትናሉ፤ የሦስቱም ጸሐፊዎች የስደት ልጆች ናቸው፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

፩

አስቀድሞ ነቢያቱ ራሳቸው ምን እንዳሉ ማጥራት ይገባል። «መሲሕ» የሚለው ቃል በጥንተ ትርጉሙ ከሰማይ የሚወርድ አዳኝ ማለት አይደለም፤ የተቀባ ማለት ነው። ንጉሥ ይቀባል፣ ካህንም ይቀባል። ይልቁንም የሚያስገርመው በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ይህ ስም የተሰጠው ለዳዊት ዘር ሳይሆን ለፋርሱ ንጉሥ ለቂሮስ መሆኑ ነው። ቂሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ539 ዓመት ባቢሎንን የያዘው ለራሱ መንግሥት ብሎ ነው፤ ነቢዩም ይህን ያውቃል። ሆኖም ለምርኮኞቹ በር የከፈተ እስከ ሆነ ድረስ ባዕዱን ንጉሥ «የተቀባ» ብሎ ለመጥራት አልፈራም። የዕብራውያን ትንቢት ከሕልም ይልቅ ለታሪክ የቀረበ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ሁለተኛው ነጥብ የቀጠሮ ጉዳይ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 28 ሐናንያ የተባለ ነቢይ በሕዝብ ፊት ቆሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ምርኮኞቹም የቤተ መቅደሱም ዕቃ እንደሚመለሱ ተናገረ፤ ኤርምያስ በአንገቱ የተሸከመውንም ቀንበር ሰበረ። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን ኤርምያስ በመጀመሪያ የሰጠውን መልስ ነው፤ ምነው እንዳልከው በሆነ ብሎ አሜን አለ። ሐናንያ የተናገረው ሁሉም የሚመኘውን ነበርና። ሐሰተኛ ትንቢት የሚያምረው ጠላት ስለሚናገረው ሳይሆን የገዛ ልባችን ስለሚናገረው ነው። ኤርምያስ ግን በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ባቢሎን በላከው ደብዳቤ ምርኮኞቹ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልት እንዲተክሉ፣ ልጆች እንዲወልዱ፣ ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ መከረ፤ መመለሱንም በሰባ ዓመት ለካው። ሰባ ዓመት ማለት ለደብዳቤው አንባቢ «አንተ ሳትሆን የልጅ ልጅህ» ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የሚታደሰው ቤት የማን ነው የሚለው ነው። አሞጽ በመጨረሻው ምዕራፍ የወደቀችው የዳዊት ድንኳን እንደምትነሣ ይናገራል፤ ነገር ግን ከዚያ አራት ቁጥር ቀደም ብሎ እስራኤልን ከኩሽ ልጆች ጋር አስተካክሎ፣ ከግብፅ መውጣታቸውንም ከሌሎች ሕዝቦች መውጣት ጋር አመሳክሮ ትምክህታቸውን ሰብሯል። በሀገራችን መዝሙረ ዳዊት ስለ ኢትዮጵያ እጅ መዘርጋት የሚናገረው ቃል በየአደባባዩ ሲጠቀስ ኖሯል። የአሞጽ ቃል ግን እምብዛም አይሰማም፤ እርሱ ኢትዮጵያን ከፍ የሚያደርገው እስራኤልን ዝቅ በማድረግ፣ ሁለቱንም ደግሞ በአንድ ፍርድ ሥር በማቆም ነውና። የተመረጠ ሕዝብ የሚል አሳብ ለያዘ ሁሉ፣ ለክብረ ነገሥት አንባቢም ጭምር፣ ይህ ቁጥር መራራ መድኃኒት ነው።

እነሆ ሦስት መለኪያ አገኘን፤ ተስፋው ቀን ይቆርጣልን? ተስፈኛውን ምን ያሠራዋል? በሚታደሰው ቤት ውስጥስ ማን በእኩልነት ይገባል?

፪

አምስተርዳም። መናሴ ቤን እስራኤል በ1604 የተወለደ፣ ወላጆቹ ከፖርቱጋል የኢንኩዊዚሽን ፍርድ የሸሹ፣ በአምስተርዳም የመጀመሪያውን የዕብራይስጥ ማተሚያ ቤት ያቋቋመ ረቢ ነው። በ1644 አንቶንዮ ደ ሞንቴዚኖስ የተባለ መንገደኛ ከደቡብ አሜሪካ ወደ ከተማይቱ መጥቶ በአንዴስ ተራሮች ከጠፉት አሥሩ ነገዶች ወገን የሆኑ ሰዎች አገኘሁ ብሎ በምሕላ መሰከረ። መናሴም ይህን ምስክርነት መነሻ አድርጎ በ1650 «የእስራኤል ተስፋ» የተባለውን መጽሐፍ አሳተመ። ክርክሩ በአጭሩ ይህ ነው፤ ነቢያት ሕዝቡ እስከ ምድር ዳርቻ ከተበተነ በኋላ እንደሚሰበሰብ ተናግረዋል፤ እንግዲህ መበተኑ ሲፈጸም መሰብሰቡ ቀርቧል። በኢሳይያስ ምዕራፍ 11 ከሚሰበሰቡባቸው አገሮች አንዷ ኩሽ ናትና መናሴ ከነገዶቹ ከፊሉ በሐበሾች መንግሥት እንደሚኖር ጽፏል። በአምስተርዳም ቦይ ዳር የተቀመጠ ስደተኛ የተስፋውን ካርታ ሲስል እጁ በእኛ አገር ላይ አርፎ ነበር።

እንደ ታሪክ ማስረጃ መጽሐፉ ደካማ ነው፤ የአንድን መንገደኛ ቃል ከአራት ማዕዘን ከተለቃቀሙ ወሬዎች ጋር ያገጣጥማል። እንደ የተስፋ ድርሰት ግን ትልቅ በጎነት አለው። መናሴ የድኅነቱ ጊዜ እንደ ቀረበ ቢያምንም ቀኑን በትክክል ማሳየት አንችልም ብሎ ራሱን ገቷል። ቀን ባለመቁረጡም ተስፋው ወደ ሥራ ተለወጠ። መበተኑ ይፈጸም ዘንድ አይሁድ ከተባረሩባት ከእንግሊዝ ጭምር መግባት አለባቸው ብሎ በ1655 ወደ ለንደን ተሻገረ፤ ለኦሊቨር ክሮምዌል አቤቱታ አቀረበ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በኋይትሆል የተደረገው ጉባኤ አዋጅ ሳያወጣ ተበተነ፤ ሆኖም የሚከለክል ሕግ እንደሌለ በሕግ ዐዋቂዎች ተነገረ፣ ጥቂት ቆይቶም ማኅበረሰቡ በግልጽ መጸለይ ጀመረ። መናሴ ግን የጠየቀው አዋጅ ስላልወጣ እንደተሸነፈ ቈጠረው። በ1657 በለንደን የሞተውን ልጁን አስከሬን ይዞ ተመለሰ፤ በኅዳር ወርም ቤቱ ሳይደርስ በሚድልቡርግ ሞተ። ፍሬውን ያላየ፣ ነገር ግን ዘሩን የዘራ ሰው ነው።

በለንደኑ ጉዞ ዓመት ያሳተመው ሌላ ትንሽ መጽሐፍ አለ፤ «የከበረው ድንጋይ» ይባላል፤ ሬምብራንት አራት ሥዕሎች ቀርጾለታል። በዚያም መናሴ የናቡከደነፆርን ምስል ያደቀቀውን ድንጋይ፣ ያዕቆብ የተንተራሰውን ድንጋይና ዳዊት የወነጨፈውን ድንጋይ አንድ አድርጎ መሲሑን ያይበታል። ግዛት በእግሩ በኩል ሸክላ መሆኑን፣ ትልቁም ከታች በኩል እንደሚሰበር የሚናገር ምሳሌ ለተገፋ ሕዝብ ለምን እንደሚጥም ማስረዳት አያሻም።

ቀን ሲቆረጥ የሚሆነውንም ያችው አምስተርዳም አይታለች። በ1665 የጋዛው ናታን ሻብታይ ጽቪን መሲሕ ነው ብሎ ባወጀ ጊዜ የከተማይቱ ማተሚያ ቤቶች የንስሐና የጸሎት መጻሕፍት ያወጡ ጀመር፤ ከታላላቆቹ ነጋዴዎች አብርሃም ፔሬራ ወደ ቅድስት ሀገር ለመሄድ ተነሣ። ተቃዋሚዎች አልጠፉም፤ ያዕቆብ ሳስፖርታስ ከሐምቡርግ ሆኖ ማስረጃ አምጡ እያለ ይጽፍ ነበር፤ የሚሰማው ግን ጥቂት ነበር። በመስከረም 1666 ሻብታይ ጽቪ በሱልጣኑ ፊት ቀርቦ ሰለመ። መሲሑ ራሱን ሲያድን ተከታዮቹ ከተሸጠው ንብረታቸውና ከሐፍረታቸው ጋር ቀሩ።

፫

ሮተርዳም። በጥቅምት 1685 የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የናንትን አዋጅ በሻረ ጊዜ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች በብዙ ሺህ ወደ ሆላንድ ጎረፉ። በሮተርዳም ከእነርሱ ቀድመው ከ1681 ጀምሮ የተቀመጡ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ፒየር ዡርዩና ፒየር ቤይል። በአንድ የስደት ከተማ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ያስተማሩ፣ በመጨረሻም በጠላትነት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ዡርዩ በ1686 «የትንቢቶች ፍጻሜ» የተባለውን መጽሐፍ አወጣ። የዳንኤልንና የዮሐንስ ራእይን ቁጥሮች እየደመረ ስደቱ ሦስት ዓመት ተኩል ያህል እንደሚቆይና በ1689 ገደማ የቤተ ክርስቲያን ነጻነት እንደሚጀምር አሰላ። ተስፋን በጅምላ መናቅ ለሚወድ ሰው ይህን ሰው ማፌዝ ቀላል ነው። ይሁንና ዡርዩ በተመሳሳይ ዓመታት በምስጢር ወደ ፈረንሳይ የሚገቡ የእረኝነት ደብዳቤዎች ይጽፍ ነበር፤ በወኅኒና በድብቅ ጸሎት ላሉት ወገኖቹ የደረሰ ቃል የእርሱ ነበር። በ1688 የሆላንዱ ዊልያም ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በዓመቱ ሲነግሥ ስሌቱ የሰመረ መሰለ። ፈረንሳይ ግን አልተለወጠችም፤ 1689 አለፈ፤ በሮቹም እንደ ተዘጉ ቀሩ። ትንቢቱ በሀገር ቤት በቀሩት መንደርተኞች ዘንድ መንፈስ ማነሣሣቱን ቀጠለ፤ በ1702 በሴቬን ተራሮች ነቢያት ነን በሚሉ ወጣቶች የተመራው የካሚዛሮች ዓመፅ ፈነዳ፤ መንደሮችም ተቃጠሉ። ቀጠሮውን የቆረጠው በሮተርዳም ነበር፤ ዕዳውን የከፈሉት ግን በሴቬን ያሉት ናቸው።

ቤይል የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንድሙ ያዕቆብ በእርሱ ጽሑፍ ሰበብ ታስሮ በ1685 በወኅኒ ሞቷል፤ ስለዚህ ስለ ስደት መራራነት ማንም አስተማሪው አልነበረም። ሆኖም በቀል የሚሰብክ ስደተኛና ቀን የሚቆጥር ነቢይ ለወገናቸው ጠንቅ እንደሆኑ አመነ። በ1690 ስደተኞቹን በጽኑ የሚገሥጽ ስም የሌለው መጽሐፍ ወጣ፤ ዡርዩ ጸሐፊው ቤይል ነው ብሎ ከሰሰው፤ ቤይል ግን እስከ ሞቱ አላመነም። በ1693 ከመምህርነቱ ተሻረ። ከዚያም በኋላ በታላቁ መዝገበ ቃላቱ ንጉሥ ዳዊትን እንደ ማንኛውም ገዥ በግብረ ገብ ሚዛን ስለመዘነው የሮተርዳም ቤተ ክርስቲያን ሸንጎ ጠራው።

ከእነዚህ ከሁለቱ ማን ትክክል ነበር? በስሌቱ ቤይል። ነገር ግን ትችት እዚህ ላይ ከቆመ ጎደሎ ነው። የቤይል መጽሐፍ በወኅኒ ላለው ሰው የሚሰጠው ምንድን ነው? ጥርጣሬ ነጻ ሰው የሚለብሰው ልብስ ነው፤ እስረኛ ለብሶት አይሞቅም። የዡርዩ ስሕተት ተስፋ መስጠቱ ሳይሆን ተስፋውን ቀን ላይ ማሰሩ ነው፤ ቀኑ ሲወድቅ ተስፋውን ይዞት ይወድቃልና። የቤይል ጉድለት ደግሞ ገመዱን ሲፈታ የታሰረውን ነገር የሚያስቀምጥበት ሌላ ስፍራ አለማሳየቱ ነው።

፬

ዘ ሄግ። ባሩክ ስፒኖዛ ሐምሌ 27 ቀን 1656 ከአምስተርዳም የአይሁድ ማኅበረሰብ በውግዘት ተለየ። ስደተኞች ያሳደዱት የስደተኞች ልጅ ነው። የመጨረሻ ዓመታቱን በዘ ሄግ በተከራየው ክፍል የመነጽር ብርጭቆ እየሞረደ አሳለፈ፤ በየካቲት 1677ም በዚያው ሞተ። «ሥነ መለኮታዊና ፖለቲካዊ ድርሰት» የተባለው መጽሐፉ በ1670 ያለ ስሙ፣ የታተመበትም ከተማ ሐምቡርግ ተብሎ በሐሰት ተጽፎ በአምስተርዳም ወጣ፤ በ1674 ታገደ።

ስፒኖዛ ነቢያት ከሌላው ሰው የሚለዩት በላቀ ዕውቀት ሳይሆን በጠነከረ ምናብና ወደ ጽድቅ ባዘነበለ ልብ ነው ይላል። የነቢዩ ራእይ እንደ ጠባዩና እንደ ኑሮው ይለያያል፤ ገበሬው በሬን፣ ወታደሩ ሠራዊትን ያያል። ስለዚህ ከትንቢት የዓለምን ሥርዓትም ሆነ የዘመንን ስሌት መማር አይቻልም፤ የሚቻለው ፍትሕንና ፍቅርን መማር ነው። በዚህ አንድ አሳብ የዡርዩ ሒሳብ ገና ሳይጻፍ ፈርሷል። በምዕራፍ 3 መጨረሻ ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ይላል፤ የሰው ነገር ተለዋዋጭ ነውና ሃይማኖታቸው ልባቸውን ካላለዘበው በቀር አይሁድ አመቺ ጊዜ ሲያገኙ መንግሥታቸውን መልሰው ሊያቆሙ ይችላሉ። በታኅሣሥ 1665 ሄንሪ ኦልደንበርግ ከለንደን ጽፎ ስለ እስራኤላውያን መመለስ የሚወራውን በአምስተርዳም ምን እንደሚሉ ጠይቆት ነበር፤ መልሱ አልደረሰንም፤ ይህ የምዕራፍ 3 ቃል ግን እንደ መልስ ሊነበብ ይችላል። መመለስ ይቻላል፤ የሚመለሰው ግን ተአምር ሳይሆን ሰው ነው።

ይህ የሦስቱ መጻሕፍት ጠንካራው ነው። ቢሆንም ሁለት ነገር እንነቅፍበታለን። አንደኛ፣ ተስፋ ሕዝብን ያለዝባል የሚለው ፍርድ ለመናሴ አይሠራም፤ መናሴን ወደ ለንደን ያሻገረው ያው ተስፋ ነበር። ሁለተኛ፣ ምናብን ከዕውቀት በታች አስቀምጦ ማለፉ ለሥነ ጽሑፍ ሰው አይዋጥም። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 37 ደረቅ አጥንቶች ሲገጣጠሙ ያየ ነቢይ ስለ አጥንት ምንም ዕውቀት ላይኖረው ይችላል፤ ነገር ግን ሞተናል ብሎ ለተቀመጠ ሕዝብ ሞታችሁ አላለቀም ብሎ የሚናገር ሌላ ቋንቋ አልነበረም። ነሐሴ 20 ቀን 1672 በዚያችው በዘ ሄግ የደ ዊት ወንድማማቾችን ሕዝብ በአደባባይ ገነጣጥሎ ሲገድላቸው ስፒኖዛ ራሱ በዚያ ነበር። አእምሮ ብቻውን ብዙኃኑን እንደማይገታ ያን ቀን ከርሱ በላይ የተረዳ የለም።

፭

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። በሀገራችን ፍካሬ ኢየሱስ ከክፉ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ይናገራል፤ ካሣ ኃይሉም በ1855 ሲነግሥ ይህን ስም ወሰደ። ስሙ ኃይል ሰጠው፤ ስሙ ግን ዳኛም ሆነበት። የተጠበቀ ንጉሥ ሊሳሳት አይችልምና ስሕተቱን የሚነግረው ጠፋ፤ በ1868 መቅደላ ላይ ሲሞት በዙሪያው የቀሩት ጥቂቶች ነበሩ። በእርሱ ዘመን፣ በ1862፣ የቤተ እስራኤል መነኩሴ አባ መሃሪ ብዙ ሕዝብ አስከትሎ ቀይ ባሕር ይከፈልልናል በሚል ተስፋ ወደ ኢየሩሳሌም ተነሣ። ባሕሩን አላዩም፤ በረሃብና በበሽታ በትግራይ ምድር አለቁ፤ የተረፉትም ከፊሉ እዚያው ቀረ፣ ከፊሉ ተመለሰ። የልጅ ልጆቻቸው በ1984 እና በ1991 ኢየሩሳሌም የደረሱት በመንግሥታት ስምምነትና በአውሮፕላን ነው፤ ቂሮስ እንደገና መጣ ማለት ይቻላል። ነገር ግን በ1996 የለገሱት ደም በምስጢር ሲደፋ እንደ ኖረ ሲታወቅ ወደ አደባባይ ወጡ። ሦስተኛው መለኪያችን፣ የአሞጽ መለኪያ፣ የሚጠይቀው ይህንን ነው። መመለስ ብቻውን መታደስ አይደለም።

የተማሪው ትውልድም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለም። በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ የወጣው ወጣት ፍካሬ ኢየሱስን በኋላ ቀርነት ፈርጆ ጥሎታል፤ ቅርጹን ግን ሳያውቅ ጠብቆታል። ክፉ ዘመን፣ የማይቀር ቀን፣ ከዚያም የፍትሕ መንግሥት፤ ቁጥር የሚደመርበት መጽሐፍ ብቻ ተለወጠ። ጥያቄው እውነተኛና ጻድቅ ነበር፤ ነገር ግን ታሪክ ከእኔ ጋር ነው ብሎ እርግጠኛ የሆነ ሁሉ የሚጠራጠረውን ወንድሙን እንደ ከሓዲ ማየቱ አይቀርም። በ1977 እና በ1978 በቀይ ሽብር የወደቁት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ዋነኛ ደማቸው በገዳዩ መንግሥት እጅ ላይ ነው። ሆኖም በትውልዱ መካከል የተፈጠረው የሐናንያና የኤርምያስ ጠብ፣ የዡርዩና የቤይል ጠብ፣ ለዚያ እጅ መንገድ አላቀለለትም ማለት አይቻልም። ዛሬም በየስደት ከተማው በሚቀጥለው ዓመት ያልቃል የሚል ድምፅ ጭብጨባ ያገኛል፤ ረጅም ነው የሚል ድምፅ ደግሞ ተስፋ ቆራጭ ይባላል።

ለስደተኛ ተማሪ ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ በገዛ መጻሕፍታችን ይገኛል። በትንቢተ ኤርምያስ ነቢዩን ከጉድጓድ በገመድና በጨርቅ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ነው። በተረፈ ባሮክ ደግሞ ያው አቤሜሌክ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ በለስ ሊለቅም ተልኮ በዛፍ ጥላ ሥር ይተኛል፤ የሚነቃው ከ66 ዓመት በኋላ ነው። በለሱ እንደ ለቀመው ትኩስ ነው፤ ከተማይቱን ግን አያውቃትም፤ መንገድ የሚጠይቀውም ሽማግሌ ያዝንለታል። ቤተ ክርስቲያን ታሪኩን ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ ታነበዋለች። ስደተኛ ግን ሌላም ነገር ያነብበታል። ሀገሩን በወጣበት ቀን መልክ ትኩስ አድርጎ የያዘ ሰው ሲመለስ የሚያገኛት ሌላ ሀገር ናት። የመጀመሪያው አቤሜሌክ ገመድ ይዞ ወደ ጉድጓዱ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ቅርጫት ይዞ ይተኛል። ሁለቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ሁለቱም በእያንዳንዳችን ውስጥ አሉ።

እንግዲህ ተስፋን ከቀጠሮ ለይቶ የሚያኖር ስፍራ ወዴት ነው? ቤይል ያላሳየንን ኤርምያስ በምዕራፍ 32 ያሳያል። ኢየሩሳሌም ተከብባለች፤ ነቢዩ ታስሯል፤ ከተማይቱም እንደምትወድቅ ራሱ ተናግሯል። በዚያን ሰዓት በዓናቶት ያለውን የአጎቱን ልጅ እርሻ በአሥራ ሰባት ሰቅል ብር ይገዛል፤ ምስክር ያቆማል፣ ውሉን ያትማል፣ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ያስቀምጠዋል። ጠላት በያዘው መሬት ላይ ዋጋ ከፍሎ ሕጋዊ ውል መፈራረም! ቀን አልቆረጠም፤ የሚያርሰውንም ሰው አላወቀም። ነገር ግን የሚያርሰው ሰው ሲመጣ ውሉ በትክክል የተጻፈ፣ ብሩም በትክክል የተመዘነ ሆኖ እንዲያገኘው አድርጓል።

ለእኛ ውሉ የምንማረው ሙያ፣ የምናቆየው ቋንቋ፣ ከማይስማማን ወንድማችን ጋር በሐቅ የምንከራከርበት ጉባኤ ነው። ቀኑን መናገር የሐናንያ ሥራ ይሁን። የእኛ ሥራ ሸክላው እንዳይሰበር መጠበቅ ነው።